ሶኬቱ ገጥሞ ማሽኑ ያልተነሣበት ጉዳይ፦ በኮዬ ፈጬ የአንድ ቤት ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር በአነስተኛ ወጪ ሲቀየር

መነሻ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ለዓመታት መጠቀም የተለመደ ነው። ማሽኑ መንቀራፈፍ ሲጀምር ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «ፕሮሰሰሩን እንቀይረው» የሚል ነው። ሐሳቡ አያስነቅፍም፣ ብዙ ጊዜም ያዋጣል። ገንዘብ የሚባክነው ግን ደጋግሞ በአንድ ቦታ ነው፤ ሶኬቱ (በማዘርቦርዱ፣ በዋናው ሰሌዳ ላይ፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ማስገቢያ) ስለገጠመ ብቻ ፕሮሰሰሩ ይሠራል ብሎ በመግዛት። ይህ ጉዳይ ነገሩን ከነምክንያቱ ስለሚያሳይ ተመዝግቧል።

የሰዎቹም ሆነ የሻጩ ስም አልተጠቀሰም። ዋጋም በብር አልተጻፈም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በፍጥነት ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የሚጻፍ ቁጥር ነገ ለሚያነብ ሰው ያሳስታል እንጂ አይጠቅምም። ወጪው የተገለጸው በድርሻ ነው።

ቤቱና ማሽኑ

ቤተሰቡ የሚኖረው በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እናትየው ቤታቸው ሆነው ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ ይይዛሉ፤ የሥራ መሣሪያቸው ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራምና ኤክሴል ነው። ልጃቸው የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነው፤ አውቶካድ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም ይጠቀማል፣ ማታ ማታ ደግሞ የትምህርት ቪዲዮ ይከታተላል። ሁለቱ በአንድ ኮምፒውተር ይፈራረቃሉ።

ማሽኑ ኤችፒ ኮምፓክ 6200 ፕሮ ማይክሮታወር ነው። ሲከፈት በውስጡ የነበረው ኢንቴል ፔንቲየም ጂ630 ፕሮሰሰር (ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት የስሌት ክፍል፣ 2.7 ጊጋኸርዝ)፣ አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም፣ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክና ባለ 320 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ስክሪኑ ምስል የሚያገኘው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ግራፊክስ ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ምርጫውን ስለሚያጠብበው ከወዲሁ ይያዝ።

የበጀቱ ጣሪያ አንድ ያገለገለ፣ የኢንቴል ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው ዴስክቶፕ ከሚያወጣው ገንዘብ ሲሶው ነበር። ከዚያ በላይ ከወጣ፣ ገንዘቡን ጨምሮ ሌላ ማሽን መግዛት ይሻላል ተብሎ ተወስኗል። እንዲህ ያለ ጣሪያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መቀመጡ ትክክል ነበር፤ ጣሪያ የሌለው ጥገና በትንሽ በትንሹ እየበላ ከአዲስ ማሽን ዋጋ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ችግሩ

ቅሬታው ሦስት ነበር። ማሽኑ በርቶ ለሥራ ዝግጁ እስኪሆን አራት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ፒችትሪ ለመከፈት ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋል፣ ሪፖርት ሲጠየቅም ይንጠለጠላል። ቪዲዮ ደግሞ በ1080 ጥራት ሲከፈት ይቆራረጣል፤ ወደ ስልክ ወርዶ የተቀመጠው ቪዲዮ እንከን ሳይኖረው ስለሚታይ ልጁ ኢንተርኔቱን ሲወቅስ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራና ያልሠራው

ልጁ የማዘርቦርዱ ሶኬት ኤልጂኤ1155 መሆኑን አጣርቶ መርካቶ ሄደ፤ ከአንድ ያገለገለ ዕቃ ሻጭም ኮር አይ5-3470 ገዛ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ሶኬቱ አንድ ነው፣ ይገባል» ብሎታል። እርግጥም ገባ። ማሽኑ ሲበራ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ባዶ ሆኖ ይቀራል። ልጁ ፕሮሰሰሩን ደጋግሞ አውጥቶ መለሰው፣ ራሙን ነቅሎ ሰካው፤ ለውጥ አልመጣም። አሮጌው ፔንቲየም ሲመለስ ማሽኑ ተነሣ።

ሻጩ በስልክ ሲጠየቅ «ባዮሱ ይታደስ» አለ፤ ባዮስ ማሽኑ ሲበራ የሚያስነሣው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ሶፍትዌር ነው። ልጁ ፋይሉን ለማውረድ በተዘጋጀበት ሰዓት ነው በሰፈሩ የሚኖር የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ የተጠራው። ባለሙያው እድሳቱን አስቆመ። ይህን ያደረገበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ እድሳቱ ይህን ማሽን አያድነውም። ሁለተኛው፣ ባዮስ እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ጭራሹን ላይነሣ ይችላል፤ ቤቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የለውም፣ በሰፈሩም መብራት መቆራረጡ የታወቀ ነው። ጥቅም ለሌለው ነገር እንዲህ ያለ አደጋ አይገባበትም።

ለምን አልተነሣም

ኤልጂኤ1155 በሁለት የኢንቴል ትውልዶች ያገለገለ ሶኬት ነው። ሁለተኛው ትውልድ፣ ሳንዲ ብሪጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ወጣ። ሦስተኛው፣ አይቪ ብሪጅ፣ በ2012 ተከተለ። ፒኖቹም ቅርጹም አንድ ናቸው። ፕሮሰሰሩን አስነሥቶ ከቀረው ማሽን ጋር የሚያስማማው ግን የማዘርቦርዱ ቺፕሴት (ክፍሎቹን የሚያገናኘው ቺፕ) እና በባዮስ ቺፕ ውስጥ የተጫነው ሶፍትዌር ነው፤ ከባዮሱ ጎን ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባለው ክፍልም አለበት። ኤች61፣ ኤች67፣ ፒ67 እና ዜድ68 ቺፕሴት ያላቸው ማዘርቦርዶች፣ አምራቹ አዲስ ባዮስ ካወጣላቸው፣ ሦስተኛውን ትውልድ ይቀበላሉ። ለቢሮ ማሽኖች የተሠሩት ኪው65፣ ኪው67 እና ቢ65 ግን ኢንቴል ራሱ ለሦስተኛው ትውልድ ያልፈቀዳቸው ናቸው። 6200 ፕሮ የተሠራው በኪው65 ነው።

ስሕተቱ የሚደጋገመው ወንድማማች ማሽኖቹ ስለሚመሳሰሉ ነው። ኤችፒ 6300 ፕሮ ከ6200 ፕሮ ጋር በኬዙ እጅግ ይቀራረባል፤ ቺፕሴቱ ግን ኪው75 በመሆኑ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ትውልድ ይቀበላል። 8200 ኤሊት በኪው67፣ 8300 ኤሊት በኪው77 ነው። በዴል በኩልም ኦፕቲፕሌክስ 790 እና 990 በሁለተኛው ትውልድ ይቆማሉ፤ 7010 እና 9010 ሁለቱንም ይወስዳሉ። ገበያው ላይ እነዚህ ማሽኖች ተደባልቀው ስለሚቀመጡ ከኬዙ ፊት የተጻፈውን ቁጥር ሳያነቡ ፕሮሰሰር መግዛት ከዕጣ አይለይም።

ትውልዱን ከፕሮሰሰሩ ስም ማወቅ ቀላል ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር በ2 ከጀመረ ሁለተኛ ትውልድ፣ በ3 ከጀመረ ሦስተኛ ነው፤ 2400 እና 3470 እንዲህ ይለያሉ። በፔንቲየም ጂ630 እና ጂ850 ሁለተኛ፣ ጂ2020 ሦስተኛ ትውልድ ናቸው።

ከመግዛት በፊት መለካት

ባለሙያው ሌላ ፕሮሰሰር ከመፈለጉ በፊት ሁለቱን ተጠቃሚዎች የተለመደ ሥራቸውን እንዲሠሩ አድርጎ ታስክ ማናጀር ላይ የሚታየውን መዘገበ። ውጤቱ ቤተሰቡ ከጠበቀው የተለየ ነበር።

ማሽኑ ሲነሣና ፒችትሪ ሲከፈት ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ከሲሶ በታች ነው የሚሠራው። ፒችትሪ መረጃውን ከብዙ ትንንሽ ፋይሎች እየቆነጠረ ያነባል፤ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በጣም የሚደክመው በእንዲህ ያለው የተበታተነ ንባብ ነው፣ በሴኮንድ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። ብራውዘርና ኤክሴል አብረው ሲከፈቱ ደግሞ 4 ጊጋባይቱ ራም ይሞላል፤ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደዚያው ደካማ ዲስክ ይገፋል። ፕሮሰሰሩ በርግጥ 100 በመቶ የሞላው በሁለት ቦታ ነው፦ ቪዲዮ ሲታይና አውቶካድ ሥዕሉን ወደ ፒዲኤፍ ሲያወጣ።

የቪዲዮው ምክንያት የኢንተርኔት ፍጥነት አልነበረም። ዩቲዩብ ቪዲዮውን በአብዛኛው የሚልከው ቪፒ9 በተባለ አጨማመቅ ነው። የሁለተኛው ትውልድ ግራፊክስ ኤች.264 የተባለውን ያለ ፕሮሰሰሩ ድካም ይፈታል፤ ቪፒ9ን ግን መፍታት አይችልም። ስለዚህ ሥራው በሙሉ በሁለቱ ኮሮች ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ባለሙያው ዩቲዩብ ኤች.264 እንዲልክ የሚያደርግ ኤች264ፋይ የተባለ ነፃ የብራውዘር ተቀጽላ ሲጭን መቆራረጡ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ በእጅጉ ቀነሰ። ፕሮሰሰር መቀየር ለሚያስብ ሰው ይህን ቀድሞ እንዲሞክር አጥብቀን እንመክራለን።

የተመረጡት ዕቃዎች

አይ5-3470 ለሻጩ ተመለሰ፤ ሻጩ ገንዘብ ባይመልስም በሌላ ዕቃ ለመለወጥ ተስማማ። በዚህ ጊዜ ልጁ የማሽኑን ኬዝ ራሱን በሚኒባስ ይዞ ሄደ። ስክሪንና ኪቦርድ ሻጩ ጋ አለ፤ የሚያስፈልገው ኬዙ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ እዚያው ተገጥሞ፣ ማሽኑ ተነሥቶ፣ ስሙ ስክሪኑ ላይ ሳይታይ ክፍያ አልተጠናቀቀም።

ምርጫው አይ5-2400 ላይ ወደቀ፦ አራት ኮር፣ 3.1 ጊጋኸርዝ፣ በአንድ ኮር ሲሠራ እስከ 3.4 የሚወጣ፣ 6 ሜጋባይት ካሽ፣ 95 ዋት። አይ7-2600 ለዚህ ማዘርቦርድ የሚገባ ጠንካራ ፕሮሰሰር ነው፤ ነገር ግን ፒችትሪ፣ ኤክሴልና ባለ ሁለት ገጽታ አውቶካድ በአብዛኛው አንድ ኮር ላይ ስለሚመሠረቱ የዋጋ ልዩነቱን የሚመልስ ጥቅም በዚህ ቤት አይገኝም።

ሻጮች በርካሽ የሚያቀርቧቸው ሌሎችም ነበሩ፤ ያልተወሰዱበት ምክንያት መታወቅ አለበት። ዜኦን ኢ3-1230 አራት ኮር ያለው ጥሩ ፕሮሰሰር ነው፤ በውስጡ ግራፊክስ የለውም፣ ስለዚህ ካርድ በሌለው ማሽን ላይ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። አይ5-2390ቲ ስሙ «አይ5» ቢሆንም ኮሩ ሁለት ብቻ ነው። አይ5-2400ኤስ አራት ኮር አለው፣ ሙቀቱም 65 ዋት ነው፣ መነሻ ፍጥነቱ ግን 2.5 ጊጋኸርዝ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለች አንዲት ፊደል ይህን ያህል ትለውጣለች። የአይ5-2400 ክዳን ላይ ከስሙ ሌላ ኤስአር00ኪው የሚል መለያ ይገኛል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አይገዛም። ማሽኑ ከተነሣ በኋላም ሲፒዩ-ዚ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ስሙንና የኮሩን ብዛት ማረጋገጥ ይቻላል።

ከፕሮሰሰሩ ሌላ ባለ 240 ጊጋባይት አዲስ ኤስኤስዲ (የሚዞር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) እና አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ያገለገለ ዲዲአር3 ራም ተገዛ። ኤስኤስዲው አዲስ እንዲሆን የተደረገው በላዩ የሰዎች ሒሳብ ስለሚቀመጥበት ነው፤ እዚህ ላይ መቆጠብ ተገቢ አይመስለንም። ራም ሲገዛ ከሰርቨር የወጣ ሬጅስተርድ ራም እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ርካሽ ነው፣ ማስገቢያው ላይ ይቀመጣል፣ እዚህ ማዘርቦርድ ላይ ግን አይሠራም።

ሥራው እንዴት ተሠራ

ባለሙያው ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጊዜ አልገጠመም። መጀመሪያ አሮጌው ፔንቲየም እንዳለ ኤስኤስዲውና ራሙ ገቡ፣ ተለካ፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩ ተቀየረ፣ እንደገና ተለካ። የትኛው ዕቃ ምን እንዳመጣ የታወቀው በዚህ ነው።

የፒችትሪው የድርጅቶች ፋይል በፍላሽ ተገለበጠ፣ ግልባጩም በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ተረጋገጠ። የሃርድ ዲስኩ ጤና በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ታየ፤ ደህና ስለነበር ዊንዶውሱ እንዳለ ወደ ኤስኤስዲው ተገለበጠ። ኪው65 ባለ 6 ጊጋቢት ሳታ ወደብ (ዲስክ የሚሰካበት) አንድ ብቻ ስላለው ኤስኤስዲው እርሱ ላይ ተሰካ። አሮጌው ዲስክ ሌላ ወደብ ይዞ ለፊልምና ለመጠባበቂያ ግልባጭ ቀረ።

ራሙ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ገጠመ። ሁለት 4 ጊጋባይት ተሰክቶ ማሽኑ የሚያየው 4 ብቻ ነው። አዲሱ ራም ብቻውን የመጀመሪያው ማስገቢያ ላይ ሲሰካ ይሠራል፤ አሮጌው ወደ ሁለተኛው ቻናል (ራም ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበት ሁለተኛው መስመር) ሲዛወር ማሽኑ አያየውም። ሁለቱም ራሞች ደህና ናቸው፣ አንዱ ቻናል ግን ሞቷል ማለት ነው። በኢንቴል ሶኬት ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ራሙን የሚያዘው ክፍልም ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ፒን ከታጠፈ የራም ቻናል ሊጠፋ ይችላል።

ሶኬቱ ተከፍቶ የስልክ መብራት ከጎን ሲበራበት፣ የፒኖቹ ጫፍ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ሲያብረቀርቅ አንዱ ብቻ ጠቁሮ ታየ። የስልኩ ካሜራ ቀርቦ ሲያጎላው ጎረቤቱ ላይ ተደግፎ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ደጋግሞ ሲወጣና ሲገባ በአንድ ጥጉ ወድቆበት መሆን አለበት። ባለሙያው በቀጭን መርፌ ጫፍ ከሥሩ ሳይሆን ከወገቡ ይዞ፣ በትንሽ በትንሹ እየገፋ፣ በየጊዜው ካሜራውን እያየ ከረድፉ ጋር አስተካከለው። ፒን ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ይሰበራል፤ በአንድ ጊዜ በኃይል ማቃናት የሚከለከለው ለዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ ሲመለስ 8 ጊጋባይቱ ሙሉ ታየ።

ፕሮሰሰሩን መቀየር ራሱ አጭር ሥራ ነው። ገመዱ ከግድግዳው ይነቀላል፤ የኃይል ቁልፉ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ የቀረው ኃይል እንዲፈስ ይደረጋል። ማሽኑ ቀድሞ ለአሥር ደቂቃ ቢሠራ ጥሩ ነው፤ የደረቀው ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ይለሰልሳል፣ ሂት ሲንኩም (ማቀዝቀዣ ብረቱ) ሳይንገራገጭ ይላቀቃል። የ6200 ፕሮ ሂት ሲንክ በአራት ባለ ኮከብ ብሎኖች ይታሰራል፤ መፍቻው ቲ15 ነው። ብሎኖቹ በመስቀለኛ፣ በየተራ ግማሽ ዙር እየተባለ ይፈታሉ። ሂት ሲንኩ ወደ ላይ አይጎተትም፤ ግራ ቀኝ ዞር ዞር ተደርጎ ነው የሚላቀቀው።

አሮጌው ፔስት ከፋርማሲ በተገዛ አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ይጠረጋል። አዲሱ ፕሮሰሰር በጠርዙ ተይዞ፣ ጥጉ ላይ ያለው ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር፣ ሁለቱ የጎን ቀዳዶችም ከሶኬቱ ጥርሶች ጋር ተገናኝተው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። አይገፋም። ክንዱ ሲዘጋ ብቻ ነው ጫና የሚኖረው። ፔስቱ መሐል ላይ የሩዝ ፍሬ ያህል በቂ ነው። ብሎኖቹ ሲታሰሩም በመስቀለኛ፣ በየተራ።

ሙቀቱ

ማሽኑ ያለ ችግር ተነሣ፣ ፕሮሰሰሩንም በስሙ አወቀው። ሆኖም ሥራው እዚህ አላለቀም። ጂ630 የ65 ዋት ፕሮሰሰር ስለሆነ ከፋብሪካ የመጣው ሂት ሲንክ ቀላል፣ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ነው። በሲፒዩ-ዚ የጫና ሙከራ ላይ አይ5ቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፈ፣ ማራገቢያውም መጮኽ ጀመረ። ሙቀቱ ወደ 100 ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የተከፈለበት አቅም ጥቅም ላይ አይውልም።

የአካባቢው ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ኮዬ ፈጬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ቀጭን ስለሆነ በአንድ ዙር ማራገቢያው የሚያነሣው ሙቀት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ያንሳል። የኤችፒ መመሪያም ማሽኑ እስከ 35 ዲግሪ ባለው ክፍል መሥራት እንደሚችል ገልጾ፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። በዚህ ከፍታ ጣሪያው ወደ 28 ዲግሪ ይወርዳል። «አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ አይሞቅም» የሚለው አነጋገር ለኮምፒውተር አይሠራም፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው የኮንዶሚኒየም ክፍል ወደዚህ ቁጥር በቀላሉ ይጠጋል።

መፍትሔው ከፋብሪካው በአይ5 ከወጣና ከተበተነ ሌላ 6200 ፕሮ የተወሰደ፣ ከሥሩ መዳብ ያለው ከበድ ያለ ሂት ሲንክ ነበር። ቀዳዳውም ማራገቢያ ሶኬቱም አንድ ስለሆነ ያለ ማሻሻያ ገጠመ። በተመሳሳይ ሙከራ ሙቀቱ 72 ዲግሪ ላይ ቆመ። ፕሮሰሰሩ ሲገዛ ሂት ሲንኩም አብሮ ቢጠየቅ ኖሮ ሁለተኛ ጉዞ ባልተፈለገ ነበር። የኃይል ጉዳይ ግን አላሳሰበም፤ የተጨመረው 30 ዋት ለ320 ዋቱ ፓወር ሰፕላይ ትንሽ ነው።

ውጤቱ

የመነሻ ጊዜው ከአራት ደቂቃ ወደ 45 ሴኮንድ የወረደው በኤስኤስዲው ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲቀየር የቀነሰው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ፒችትሪም እንዲሁ፤ ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋ የነበረው በኤስኤስዲው ወደ 12፣ በፕሮሰሰሩ ወደ 9 ሴኮንድ ወረደ። ከባዱ የኤክሴል ስሌት በሩብ ያህል ፈጠነ፤ ይህ በአንድ ኮር ከ2.7 ወደ 3.4 ጊጋኸርዝ ካለው ልዩነት ጋር ይስማማል። ትልቁ የፕሮሰሰሩ ጥቅም የታየው በርካታ ሥራ አብሮ ሲሄድ ነው። እናትየው ሪፖርት እያወጡ ብራውዘሩ ክፍት ቢሆን ማሽኑ አይንጠለጠልም፤ ቪዲዮም ያለ ተቀጽላው እንኳ በ1080 ጥራት ሳይቆራረጥ ይሄዳል። አውቶካድ አንድ ሥዕል ሲከፍት የተሰማው ልዩነት መጠነኛ ነው፤ ልጁ ከዚህ በላይ ጠብቆ ነበር።

ከጠቅላላ ወጪው ትልቁን ድርሻ የወሰደው ኤስኤስዲው ሲሆን የፕሮሰሰሩ ከሩብ አልበለጠም። ሂት ሲንኩ፣ ፔስቱና የመመላለሻ ትራንስፖርቱ ተደምረው በጀቱን ጣሪያው ላይ አደረሱት።

ያልተፈታ ነገርም አለ። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ፒችትሪ ስለሚያስፈልግ ወደ ሊኑክስ መሻገር ለዚህ ቤት አልተመቸም። ስለዚህ የደንበኞች ሒሳብ የሚሠራበት የዊንዶውስ አካውንት ከልጁ ተለይቶ፣ ያለ አድሚኒስትሬተር ፈቃድ እንዲሆን ተደረገ፤ ግልባጩም በየሳምንቱ ከማሽኑ በሚነቀል ዲስክ ይቀመጣል።

ለሌላ ማሽን የሚሆን

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ቤት ሊሻገር የሚችለው ዋናው ነገር የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛውን ፕሮሰሰር ልግዛ» ሳይሆን «ማሽኑ ሲንቀራፈፍ 100 በመቶ የሚሞላው ምንድን ነው» ነው። ዲስኩ ከሆነ ኤስኤስዲ፣ ራሙ ከሆነ ራም። ፕሮሰሰሩ ከሆነ ደግሞ በየትኛው ሥራ እንደሚሞላ ይታይ፤ ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ነፃ መፍትሔ አለ።

ፕሮሰሰር መግዛት ከተወሰነ፣ የማሽኑ ሞዴል ቁጥር፣ የቺፕሴቱ ስምና አሁን ያለው ፕሮሰሰር በወረቀት ተጽፎ ይያዝ። ሶኬት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ማጣሪያ አይደለም። አስተማማኙ መንገድ ያው ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ ከቀረቡለት ፕሮሰሰሮች መምረጥ ነው፤ 6200 ፕሮ በአይ5-2400 ተሸጧል፣ ስለዚህ ባዮስ ሳይነካ ይሠራል። ኬዙን ይዞ ሄዶ ሻጩ ፊት ማስነሣት አድካሚ ቢመስልም ከሁለት ጊዜ ጉዞ ያነሰ ድካም ነው። ባዮስ ማደስ የግድ ከሆነ፣ ባትሪው በደህና የሚይዝ ዩፒኤስ ባለበት ቦታ ይደረግ።

አዲሱ ፕሮሰሰር ከአሮጌው የበለጠ ዋት ካለው ሂት ሲንኩ አብሮ ይታሰብ። የሶኬቱ የፕላስቲክ ክዳን አይጣል፤ ፕሮሰሰሩ በሌለበት ሰዓት ፒኖቹን የሚጠብቀው እርሱ ነው። አሮጌው ፕሮሰሰርም አይሸጥ፤ ማሽኑ አንድ ቀን አልነሣ ሲል ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ይሁን የማዘርቦርዱ የሚለየው እርሱን መልሶ በመግጠም ነው።

በእንደዚህ ያለ አዲስ ሰፈር የግንባታው አቧራ በበጋ ብዙ ነው፤ ሂት ሲንኩ መካከል ገብቶ እንደ ጨርቅ ይነጠፋል። ባለሙያው ለቤተሰቡ የተወው መመሪያ ይህ ነው፦ ኬዙ ከወለል ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩ ማራገቢያው በጣት ተይዞ እንዳይሽከረከር እየተደረገ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ በዚያው ቀን የአሥር ደቂቃው የጫና ሙከራ ተደግሞ ሙቀቱ ይጻፍ። ቁጥሩ ከ72 ተነሥቶ 80 ካለፈ ፔስቱ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል።